የሰማይ መስፋትና የተፍሲር አማና
ከአንድ የኩታበር ደረሳ ጥያቄ የተነሣ ታሪካዊ ዳሰሳ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት አለፈች። ላሊበላ ላይ ከፀሐይዋ የቀረው ቀጭን የብርሃን ቀለበት ብቻ ነበር። ከቀለበቱ መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጣ ብላ በምትገኘው ኩታበር ደግሞ ቀለበቱ ባይሟላም አብዛኛው የፀሐይ ገጽ ተሸፈነ። ግርዶሹ የሚደርስበት ቀንና ሰዓት ከብዙ ዓመታት በፊት በስሌት ታውቆ ነበር። ስሌቱን አስቀድሞ ያወቀ ሙእሚን ግን ይህን በማወቁ ከኩሱፍ ሶላት አልተከለከለም፤ የሰገደም በመስገዱ ስሌቱን አልካደም። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ ተቀመጡ።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ግን ከዚያ የከበደ ጥያቄ ነው። ኩታበር ውስጥ በአንድ የተፍሲር ደርስ ላይ ተገኝተን ሳለን፣ ደርሱ ሲያበቃ አንድ ወጣት ደረሳ ስልኩን ይዞ ወደ ሸይኹ ቀረበና፣ «ሸኽዬ፣ ዛሬ ‹ሙሲዑን› የሚለውን ‹ቻዮች› ብለን ቀራን። እዚህ ደግሞ ‹አስፊዎች› ማለት ነው ይላል። ፈረንጆች በ2011 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ጨለማ ኃይል ቁርኣን ውስጥ አስቀድሞ ተነግሯል ይላል። የቱን ልያዝ?» ሲል ጠየቃቸው። ሸይኹም፣ «ልጄ፣ ለመያዝ አትቸኩል፤ መጀመሪያ እናጣራ» አሉት። ወደ እኛም ዞር ብለው ማጣራቱን ለእኛ ሰጡን። ይህ ጽሑፍ የዚያ አደራ ውጤት ነው።

ጥያቄው የአንድ ደረሳ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየመስጂዱ ኹጥባ የሚያደርግ ኢማም፣ በየመድረሳው የሚያስተምር ኡስታዝ ሁሉ ይገጥመዋል። በመልሱ ላይ የተንጠለጠለውም ቀላል ነገር አይደለም፤ ወጣቱ እምነቱን በምን ላይ እንደሚያቆም የሚወስን ነው።

ቃሉና ሙፈሲሮቹ

ቃሉ የሚገኘው በሱረቱ አዝ-ዛሪያት ቁጥር 47 ላይ ነው። አንቀጹ አላህ ሰማይን በኃይል መገንባቱን ይናገርና «ሙሲዑን» በሚለው ቃል ይዘጋል። ቃሉ «አውሰዐ» ከሚለው ግሥ የወጣ ኢስሙ ፋዒል ነው። «አውሰዐ» በዐረብኛ «አሰፋ» የሚል ፍቺ አለው፤ «ባለ ሰፊ አቅም ሆነ፣ ከበረ» የሚል ፍቺም አለው። ስለዚህ ቋንቋው ራሱ ከአንድ በላይ በር ከፍቷል።

ሙፈሲሮቻችንም በእነዚህ በሮች ሁሉ ገብተዋል። በ310 ሂጅሪ ያረፉት ኢማም አጥ-ጠበሪ ቃሉን ከስፋትና ከችሎታ ጋር አያይዘው ካብራሩ በኋላ፣ ኢብኑ ዘይድ «ሰማይን አሰፋት» በሚል መንገድ እንደተረዱት ያወሳሉ። በ597 ሂጅሪ ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ «ዛዱል መሲር» በተሰኘው ተፍሲራቸው የተለያዩትን አባባሎች ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ሲሳይን በዝናብ ማስፋትን፣ ሌላው ሰማይን ራሷን ማስፋትን፣ ሌላው ቻይነትን፣ ሌላው በሰማይና በምድር መካከል ያለውን ማስፋትን ያመለክታል። ኢብኑ ከሢር የሰማይ ዳርቻዎች ሰፍተው ያለ ምሰሶ መቆማቸውን ያነሣሉ።

በወሎ ቂርኣት ቤቶች፣ ከዳና እስከ ጀማ ንጉሥ፣ ከጌታ እስከ ሾንኬ፣ ደረሳ ተፍሲርን የሚጀምረው በጀላለይን ነው። የዚህ ሱራ ማብራሪያ የኪታቡን ሁለተኛ አጋማሽ የጻፉት የጀላሉዲን አል-መሐሊ ሲሆን፣ እርሳቸው የመረጡት «ቻዮች» የሚለውን ፍቺ ነው። በ1961 ዓ.ም. የታተመው፣ ሐጂ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የደከሙበት የአማርኛ ትርጉምም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። እንግዲህ የኩታበሩ ደረሳ ከሸይኹ የቀራው ሥር የሰደደ ነው፤ በስልኩ ያየው ፍቺም ከሰለፎች ዘንድ ፈጽሞ ያልተሰማ አይደለም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። «አሰፋት» ያሉት ቀደምት ሰማይ ሰፊ ሆና መፈጠሯን ሲናገሩ፣ የዘመናችን ሰዎች ደግሞ «ዛሬም እየሰፋች ነው፤ ያውም እየፈጠነች» የሚል ልኬት በቃሉ ላይ ጭነዋል። ጭነቱ ቃሉን ይመጥናል ወይ የሚለውን ለመመለስ ልኬቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግድ ይላል።

ከትንሿ ደመና የተነሣ መንገድ

በ964 እ.ኤ.አ. ዐብዱራሕማን አስ-ሱፊ የተባሉ ፋርሳዊ ሊቅ የቋሚ ከዋክብትን መጽሐፍ አዘጋጁ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አጠገብ አንዲት ትንሽ ደመና እንዳለች መዝግበዋል። ያለ መነጽር፣ በዓይን ብቻ ያዩዋት ያቺ ደመና ከኩታበር ደጋም ጨረቃ በሌለበት የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ትታያለች። ምን እንደሆነች ግን ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የታወቀ ነገር አልነበረም።

በ1912 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ቬስቶ ስላይፈር የዚያችን ደመና ብርሃን በመሣሪያ በትኖ መረመረ። ወደ እኛ የሚመጣ አካል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ከእኛ የሚርቅ አካል ደግሞ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ስላይፈር ያቺ ደመና በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ እኛ እየመጣች እንደሆነ አገኘ። ሌሎቹን መሰል ደመናዎች ሲመረምር ግን አብዛኞቹ እየራቁ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ሐብል በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን በሚገኘው ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ በደመናዋ ውስጥ ብርሃኗ በየጊዜው የሚጨምርና የሚቀንስ ኮከብ አየ። የእንዲህ ያሉ ከዋክብት ዑደት ከድምቀታቸው ጋር ያለውን ዝምድና ሄንሪየታ ሌቪት ቀደም ብላ አግኝታው ስለነበር ርቀቱን ለማስላት ተቻለ። አስ-ሱፊ ያዩዋት ደመና ከእኛ የከዋክብት ጭፍራ ውጭ ያለች ሌላ ሙሉ ጋላክሲ ሆና ተገኘች።

በዚሁ ዘመን ወረቀትና እርሳስ የያዙ ሰዎችም በሌላ መንገድ ወደዚያው ይጓዙ ነበር። አልበርት አይንሽታይን በ1917 እ.ኤ.አ. የስበት ቀመሩን በመላው አጽናፈ ዓለም ላይ ሲተገብረው ቀመሩ ዓለሙን አላረጋ አለው፤ ወይ ይሰበሰባል ወይ ይሰፋል። እርሱ ግን እንደ ዘመኑ ሰው ሰማይ የረጋ ነው ብሎ ያምን ነበርና ስበትን የሚመክት አንድ ቁጥር በቀመሩ ላይ ጨመረ። በ1922 አሌክሳንደር ፍሪድማን በሩሲያ፣ በ1927 ደግሞ ቤልጂጋዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር ዓለሙ ሊሰፋ እንደሚችል በየፊናቸው አሳዩ። ሐብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ መጠን የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር አሳተመ። አይንሽታይንም በ1931 የጨመረውን ቁጥር ተወው።

መስፋቱን ለደረሳ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጥቁር አዝሙድ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ሲል አዝሙዶቹ በራሳቸው አይራመዱም፤ በመካከላቸው ያለው ሊጥ ሲያብጥ ግን አንዱ ከሌላው ይርቃል። ቀድሞም የተራራቁት ይበልጥ በፍጥነት ይራራቃሉ። የትኛውም አዝሙድ «መሃሉ እኔ ነኝ» ሊል አይችልም። የአዝሙዱ ፍሬ ራሱ ግን አያብጥም። እንዲሁ በስበት የተያያዙት አካላት፣ ምድርና ፀሐይ፣ የየጋላክሲው ከዋክብት፣ አይለጠጡም። አንድሮሜዳ ወደ እኛ የምትመጣውም የቅርብ ጎረቤት ናትና ስበቱ መስፋቱን ስለሚያሸንፈው ነው።

የ1998ቱ ግርምት

ሰማይ መስፋቱ ከታወቀ በኋላ ለሰባ ዓመታት ያህል የቀረው ጥያቄ መስፋቱ ምን ያህል እየቀነሰ ነው የሚለው ነበር። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ በምድር ስበት እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የጋላክሲዎችም የእርስ በርስ ስበት መስፋቱን ማዘግየት አለበት ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህን ለመለካት ሁለት ቡድኖች ተነሡ። አንዱን ሶል ፐርልሙተር ይመራ ነበር። በሌላው ውስጥ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ ነበሩ።

መለኪያቸው የአንድ ዓይነት ኮከብ ፍንዳታ ነበር። ነጭ ድንክ የሚባለው የሞተ ኮከብ ክብደቱ ከተወሰነ ልክ ሲደርስ ይፈነዳል። ልኩ የታወቀ ስለሆነ የፍንዳታዎቹ ድምቀት ተቀራራቢ ነው። በኩታበር ገደላ ገደል ማታ ማታ ከሸለቆው ማዶ ፋኖስ ሲበራ የሚያይ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፋኖሶቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ የደበዘዘው የራቀው ነው። ሁለቱ ቡድኖች በሩቅ ያሉ ፍንዳታዎችን ሲለኩ ከተጠበቀው በላይ ደብዝዘው አገኟቸው። ይህ ማለት ከተጠበቀው በላይ ርቀዋል ማለት ነው። መስፋቱ አልቀነሰም፤ ይልቁንም እየፈጠነ ነበር። ውጤቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ተገለጠ፤ ሦስቱም ሰዎች በ2011 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

የሚያፈጥነው ነገር «ጨለማ ኃይል» ተባለ። ስያሜው የሚገልጸው የምናውቀውን ሳይሆን አለማወቃችንን ነው። የፕላንክ ሳተላይት ልኬቶች እንደሚያሳዩት ከአጽናፈ ዓለሙ ይዘት 68 በመቶ ያህሉ ይህ ኃይል ነው። 27 በመቶ ያህሉ ደግሞ ሌላው ስውር ነገር፣ ጨለማ ቁስ ነው። ከዋክብቱ፣ ተራራው፣ ውኃውና የሰው አካል የተሠሩበት የታወቀው ቁስ 5 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ቀላሉ ማብራሪያ አይንሽታይን ጨምሮ የተወው ያ ቁጥር ተመልሶ መጣ የሚለው ነው። በዚህ ማብራሪያ መሠረት ሕዋ በሰፋ ቁጥር ቁስ ይሳሳል፣ ጨለማው ኃይል ግን በእያንዳንዱ ክፍል ያለው መጠን አይጎድልም፤ ስለዚህ ከ5 እስከ 6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ስበትን አሸንፎ መስፋቱን ማፍጠን ጀመረ። ነገር ግን የኃይሉ ምንጭ የባዶ ሕዋ ጉልበት ነው ተብሎ በንድፈ ሐሳብ ሲሰላ፣ ስሌቱ ከልኬቱ ጋር አይገናኝም፤ ልዩነቱ አንድ ቁጥር ከኋላው 120 ዜሮ ተደርድሮለት የሚጻፍ ያህል ይሆናል።

ታሪኩ በዚህም አልቆመም። በአሪዞና የሚገኘውና በ5,000 ጥቃቅን ክንዶች የጋላክሲዎችን ብርሃን የሚለቅመው ዴዚ የተባለ መሣሪያ በሚያዝያ 2024 እና በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ውጤቶቹን ይፋ አደረገ። ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋላክሲዎችና ሩቅ አካላት የገቡበት ይህ ልኬት ከሌሎች ልኬቶች ጋር ሲጣመር ጨለማው ኃይል ቋሚ ላይሆን፣ ከጊዜ ወደ ጊዜም እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። የማስረጃው ጥንካሬ በፊዚክስ ሊቃውንት መለኪያ እስከ 4.2 ደርሷል፤ «ተገኘ» ለማለት የሚጠይቁት 5 ነው። ስለዚህ ራሳቸው ባለሙያዎቹ ገና ቃላቸውን አልቆረጡም።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተ ወዲህ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በወሎም የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለትልቅ ቴሌስኮፕ ይመቹ እንደሆነ ተጠንተዋል። እንደ ፕሮፌሰር አማረ አበበ ያሉ በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያዊ የኮስሞሎጂ ሊቃውንትም የመፍጠኑ ምክንያት ስውር ኃይል ይሁን ወይስ የስበት ቀመሩ ራሱ መታረም ያለበት የሚለውን ይመረምራሉ። ስለዚህ ከደረሳዎቻችን አንዱ ነገ በዚህ ምርምር ውስጥ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም።

ሁለት ሰዎች፣ አንድ ምክር

እዚህ ላይ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የሚራራቁ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን።

የመጀመሪያው በ505 ሂጅሪ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ናቸው። «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» በተሰኘው ኪታባቸው መግቢያ ላይ የግርዶሽን ነገር ያነሣሉ። የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ በስሌትና በማያጠራጥር ማስረጃ የተረጋገጠ ሆኖ ሳለ፣ በዲን ስም ይህን የሚክድ ሰው ዲንን እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ከጠላት እንደሚብስ ያስጠነቅቃሉ። ማስረጃውን ያየ ሰው ስሌቱን አይጠራጠርም፤ የሚጠራጠረው በስሙ የተሟገቱለትን ዲን ይሆናል። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ በጨለመች ጊዜ፣ ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲባል እንደማይጋረዱ አስተምረው ወደ ሶላት ጠሩ። ሐዘናቸውን እንኳ የሰማይ ምልክት ማስረጃ እንዲሆንላቸው አልፈቀዱም። በዚያው ኪታብ አል-ገዛሊ፣ አላህ ዓለምን ካለችበት በአንድ ክንድ አስፍቶ ሊፈጥራት ይችል ነበር ወይ የሚለውን ክርክር ያነሣሉ። መልሱን የሚሹት ፈላስፎቹን ለመሞገት ነበር። ዓለም ከሆነችው በቀር ልትሆን አትችልም የሚለውን እንጂ የሰማይን ልኬት መርምሮ ማወቅን አልተቃወሙም።

ሁለተኛው ቀደም ብለን ያነሣነው ዦርዥ ለሜትር ነው። የእርሱ ንድፈ ሐሳብ ዓለም መነሻ እንዳላት ስለጠቆመ በኅዳር 1951 እ.ኤ.አ. የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በንግግራቸው ሳይንስን የፍጥረት እምነት ምስክር አድርገው አቀረቡ። ንድፈ ሐሳቡን ያፈለቀው ቄስ በዚህ የሚደሰት ይመስል ነበር። እርሱ ግን አልወደደውም። ገና በልኬት የሚፈተን ግምት የእምነት መሠረት ቢደረግ፣ ግምቱ በወደቀ ቀን እምነቱ አብሮ እንደሚናጋ ያውቅ ነበርና ሁለቱ በየመንገዳቸው እንዲሄዱ መከረ። ለሜትርን የምናነሣው ዲኑን ልንከተል ሳይሆን፣ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የሰጠው ምስክርነት ስለሆነ ነው።

አል-ገዛሊ የተረጋገጠውን በዲን ስም እንዳንክድ፣ ለሜትር ያልተረጋገጠውን የዲን ማስረጃ እንዳናደርግ ይመክሩናል። ሁለቱ የአንድ ምክር ሁለት ገጾች ናቸው።

ለደረሳው ምን እንመልስ?

አሁን ወደ ኩታበሩ ጥያቄ እንመለስ። ቁጥር 47ን በ1998ቱ ግኝት ላይ ብናንጠለጥለው የሚሆነውን አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ነገ ዴዚ የጠቆመው ቢጸና፣ ጨለማው ኃይል ደክሞ መስፋቱ መፍጠኑን ቢያቆም፣ «ቁርኣን የተናገረው ይህን ነው» የተባለው ወጣት ምን ይበል? ደግሞም ያኔ ሌሎች ተነሥተው በሱረቱል አንቢያ ቁጥር 104 ሰማይ እንደ ጥቅል ስለመጠቅለሏ የተነገረውን የአኺራ ዜና በአዲሱ ንድፈ ሐሳብ ላይ መለጠፋቸው አይቀርም። ትናንት በመስፋት፣ ዛሬ በመጠቅለል የሚመሰክር አካሄድ የሚመሰክረው ለቁርኣን አይደለም፤ ለጋዜጣ ዜና ነው። ከዚህም በላይ «ቻዮች» ያሉትን የአል-መሐሊን፣ «ሲሳይን በዝናብ አስፊዎች» የተባለውን ቀደምት አባባል፣ እንዳልተረዱ አድርጎ ይጥላል። ይህ ከአደብ መጉደል ነው።

በሌላ በኩል «የፈረንጅ ወሬ ነው» ብሎ ማባረርም መልስ አይሆንም። የሰማይ መስፋት በብርሃን፣ በርቀትና በጥንታዊው የሕዋ ጨረር በየፊናው የተለካ ነው። ኩታበር ላይ ያየነውን ግርዶሽ ያሰላው የልኬት ሥነ ሥርዓት ራሱ ነው ይህንንም የሚለካው። ደረሳው ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማስረጃውን በዓይኑ ያያል። ያን ጊዜ ሸይኹ እንደካዱት ካስታወሰ፣ የሚጥለው ቴሌስኮፑን አይሆንም።

ስለዚህ ለኢማሞችና ለመምህራን የምናቀርበው ይህን ነው። አንቀጹ ሲነበብ የሙፈሲሮቹ አባባሎች ሁሉ በየባለቤታቸው ስም ይነገሩ፤ «አሰፋት» የሚለው ፍቺም ከመካከላቸው አንዱ መሆኑ ይነገር። የሳይንሱ ነገር ሲነሣ በሦስት ይከፈል፤ ሰማይ መስፋቷ ተለክቷል፤ መስፋቱ መፍጠኑ በጠንካራ ማስረጃ ተደግፏል፤ የሚያፈጥነው ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ሁለቱ በአንድ ቃል አይታሰሩ። የአንቀጹ ዓላማ የፈጣሪን ኃይልና ስፋት ማስታወስ ነውና ይህ ዓላማ በየትኛውም ልኬት አይጎድልም፤ ጨለማው ኃይል ቢጸናም ቢደክምም ሰማይን የገነባው ያው ነው።

ይህን መልስ ይዘን ወደ ኩታበር ተመለስን። ሸይኹ ደረሳውን ጠርተው አስቀመጡትና ያጣራነውን በዝርዝር ነገሩት። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ጀላለይን ላይ የቀራኸውን ያዝ። ሌሎቹንም አባባሎች ጨምረህ ያዝ። ስለ ሰማዩ ደግሞ ቀመሩን ተማር፤ ስትመለስ ታስተምረናለህ» አሉት። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከቶ ኪታቡን ገለጠ። ውጭ ላይ መሽቶ ነበር፤ ከሸለቆው ማዶ ያሉት መብራቶች አንዱ ደምቆ፣ ሌላው ደብዝዞ ይታዩ ነበር።

ወሏሁ አዕለም።